ጓዙን የሚሸከመው ልጁ ነው፦ የወጣቶች የእግር ጉዞና የድንኳን ቆይታ ዝግጅት በፍራንክፈርት

ጀርመን ውስጥ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ይደርሰዋል። ደብዳቤው የልጁ ክፍል ለሦስት ወይም ለአምስት ቀናት ከከተማ ወጥቶ እንደሚቆይ ያስታውቃል። ከሥሩም ጀርመኖች «ፓክሊስተ» የሚሉት የዕቃ ዝርዝር ይያያዛል፦ የዝናብ ጃኬት፣ እግር የለመደው ጫማ፣ የእንቅልፍ ከረጢት፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ የጤና ዋስትና ካርድ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ላደገ ጀርመናዊ ቤተሰብ ዝርዝሩ እንግዳ አይደለም። ፍራንክፈርት አም ማይን ለሚኖር፣ ራሱ በልጅነቱ ለመዝናናት ድንኳን ውስጥ አድሮ ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ግን እያንዳንዱ መስመር ጥያቄ ያስነሳል። ይህ ሁሉ መገዛት አለበት? ልጁ ቢበርደውስ? በጾም ቀን ምን ይበላል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

በእነዚህ ጥያቄዎች ግራ የተጋቡ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ጨርሶ ላለመላክ ይወስናሉ። ሌሎች ደግሞ ከሚገባው በላይ ገዝተው፣ ልጁ ሊሸከመው የማይችለውን ሻንጣ አስይዘው ይልኩታል። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። ከጉዞው የቀረ ተማሪ በአብዛኛው እነዚያን ቀናት ሌላ ክፍል ገብቶ ያሳልፋል፤ ጓደኞቹ ሲመለሱ የሚያወሩት ነገር ሁሉ ለእሱ ባዕድ ይሆንበታል። ከአቅሙ በላይ የተጫነውም ከተራራው ግርጌ ይደክማል። ልጅን በመንገድ ላይ የሚጠብቀው ደረቅ ልብስ፣ እግር የለመደው ጫማ፣ የተሟላ ሰነድና ራሱ የሸከፈው ቀላል ሻንጣ ነው። ከእነዚህ አብዛኛው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ፣ ሊዋሱት ወይም በትንሽ ዋጋ ሊያገኙት የሚቻል ነው።

የጉዞውን ዓይነት መለየት

ሻንጣ ከመዘጋጀቱ በፊት ጉዞው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ከፍራንክፈርት መሀል ከሀውፕትቫኸ በዩ 3 የከተማ ባቡር ተነስቶ የመስመሩ መጨረሻ የሆነው ኦበርኡርዘል ሆኸማርክ የደረሰ ሰው የታውኑስ ተራሮች ደን ደጃፍ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ግሮሰር ፌልድበርግ ጫፍ የሚወስዱ የእግር መንገዶች አሉ። ለእንዲህ ያለው ጉዞ አንድ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል።

ሁለተኛው በወጣቶች ማረፊያ ቤት፣ በጀርመንኛው «ዩገንድሄርበርገ»፣ የሚያድሩበት ጉዞ ነው። የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ራሱ ስለ ዝግጅት የሚያስተምረው ነገር አለ። እ.ጎ.አ. በነሐሴ 1909 ሪቻርድ ሺርማን የተባለ መምህር ተማሪዎቹን በእግር ሲያጓጉዝ በምዕራብ ጀርመን ብሮልታል በተባለ ሸለቆ ከባድ ዝናብና ነጎድጓድ ያዛቸው፤ ሌሊቱንም በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ተጠልለው አደሩ። መምህሩ በየአካባቢው ወጣት መንገደኞች በርካሽ የሚያድሩባቸው ቤቶች ቢኖሩ የሚል ሐሳብ ያፈለቀው ያን ሌሊት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአልተና ከተማ ግንብ ውስጥ የተከፈተው ማረፊያ ለዓለም አቀፉ የወጣቶች ማረፊያ ቤቶች እንቅስቃሴ መነሻ ሆነ። በፍራንክፈርትም በማይን ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በዛክሰንሃውዘን ሠፈር «ሃውስ ዴር ዩገንድ» የተባለው ማረፊያ ይገኛል።

በእነዚህ ማረፊያ ቤቶች አልጋ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ ስለሚቀርብ የእንቅልፍ ከረጢት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ቤቶች ለንጽሕና ሲሉ ከውጭ የመጣ የእንቅልፍ ከረጢት አልጋ ላይ እንዲዘረጋ አይፈቅዱም። ስለዚህ ደብዳቤው የማደሪያውን ዓይነት በግልጽ ካልጻፈ መምህሩን ሳይጠይቁ ከረጢት መግዛት ከንቱ ወጪ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የድንኳን ቆይታ ነው። ይህን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው የስካውት ቡድኖች፣ የአብያተ ክርስቲያናት የወጣት ክፍሎች፣ የስፖርትና የተራራ ማኅበራት ናቸው። ድንኳኑን ቡድኑ ያቀርባል፤ ከረጢት፣ ምንጣፍ፣ ሳህንና ማንኪያ ግን የእያንዳንዱ ወጣት ድርሻ ነው። በጀርመን ደን ውስጥ በዘፈቀደ ድንኳን መትከልና እሳት ማንደድ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ቆይታው ሁልጊዜ በተፈቀደ ቦታ ይካሄዳል። ይህን ማወቅ የሚሰጉ ወላጆችን ያረጋጋል።

ከልብስ በፊት ሰነድ

የተረሳ ካልሲ ከጓደኛ ይዋሱታል፤ የተረሳ ሰነድ ግን ጉዞውን ሊያስቀር ይችላል። ለማንኛውም ጉዞ የጤና ዋስትና ካርድ፣ የክትባት ደብተር ቅጂና የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መያዝ አለበት። ስልክ ቁጥሩ በወረቀት መጻፉ ግድ ነው፤ በብዙ የትምህርት ቤት ጉዞዎች ተንቀሳቃሽ ስልክ ስለሚከለከል ወይም ባትሪው ስለሚያልቅ። በጉዞው ዋና ካለ ትምህርት ቤቱ የወላጅን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ልጁ የትኛውን የዋና ደረጃ እንዳለፈም ይጠይቃል። እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለትናንሽ ልጆች የሚሰጠው «ዜፕፈርድሸን» የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ምልክት ልጁ ያለ ጠባቂ በጥልቅ ውሃ መዋኘት ይችላል ማለት አይደለም።

ጉዞው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ኦስትሪያ ወይም ወደ ሌላ ጎረቤት አገር ከሆነ የዜግነት ጉዳይ ይነሳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ልጅ የፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን የአገልግሎት ጊዜ ቀደም ብሎ ማረጋገጥ አለበት። የፓስፖርት እድሳት ጊዜ ስለሚወስድ በፍራንክፈርት ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የሚኬደው ደብዳቤው በደረሰ ሰሞን እንጂ በጉዞው ዋዜማ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠባበቁ ወይም «ዱልዱንግ» በሚባለው ጊዜያዊ ወረቀት የሚኖሩ ልጆች ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ዱልዱንግ ባለይዞታው ከጀርመን ሲወጣ ዋጋውን ያጣልና። ለዚሁ ሲባል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ የሚሠራበት የተማሪዎች የጋራ የጉዞ ዝርዝር አለ። ትምህርት ቤቱ የኅብረቱ ዜጋ ያልሆኑትን ተማሪዎች ስም በዚህ ቅጽ አስፍሮ የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያጸድቀዋል። ወላጆች ይህን እንዲያዘጋጅ ትምህርት ቤቱን በጊዜ መጠየቅ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳያረጋግጥም ልጁን ድንበር አለማሻገር ይኖርባቸዋል።

ጫማ፦ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ

ለጓዝ የተመደበው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጫማ ነው። ጥሩ የመንገድ ጫማ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከፊቱ ግን ለጣቶች ቦታ የሚተው ነው። ቁልቁለት ሲወረድ እግር ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ በጉዞው ላይ በሚደረገው ካልሲ መለካት አለበት።

በጉዞው ዋዜማ የተገዛ አዲስ ጫማ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ተረከዝን ይልጣል። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በሠፈር ውስጥ፣ በትምህርት ቤት መንገድ ሊደረግ ይገባዋል። ለአንድ ቀን ጉዞና በተስተካከለ የደን መንገድ ላይ ጥሩ ሶል ያለው፣ ልጁ የለመደው የስፖርት ጫማም ይበቃል። ከዚህ በተጨማሪ ማታ እግር የሚያርፍበት ቀላል ነጠላ ጫማ መያዝ ብልህነት ነው። ተረከዝ ላይ ሙቀትና ማቃጠል ሲሰማ ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ይሻላል። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረግ ሕክምና ልጁን ከመንገድ አያድነውም።

ልብስ በንብርብር

ፍራንክፈርት ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ግሮሰር ፌልድበርግ 880 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የአየሩ ሙቀት በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚቀንስ፣ በማይን ዳርቻ 15 ዲግሪ ሲሆን በተራራው ጫፍ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውነት ከዚያም ያነሰ ሙቀት ይሰማዋል። ጠዋት በፀሐይ ከቤት የወጣ ልጅ ቀትር ላይ በጉም ውስጥ ሊያገኝ ይችላል ራሱን። ጀርመኖች ለዚህ ያላቸው መላ የሽንኩርት ዘዴ ይባላል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ልብሶችን ደራርቦ መልበስ፣ ሲሞቅ መላጥ፣ ሲበርድ መደረብ ነው።

ንብርብሮቹ ሦስት ናቸው። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ላብን ቶሎ የሚያስወጣና የሚደርቅ ከስፖርት ጨርቅ ወይም ከስስ የበግ ፀጉር የተሠራ ካናቴራ ነው። መካከለኛው ሙቀት የሚይዝ ፍሊስ ወይም የበግ ፀጉር ሹራብ ነው። የላይኛው ዝናብና ነፋስ የሚመልስ ኮፍያ ያለው ጃኬት ነው። ጃንጥላ በነፋስና በደን መንገድ ላይ አይረዳም፤ እጅንም ይይዛል።

ብዙ ቤተሰብ የሚስተው የጥጥን ነገር ነው። ጥጥ ደረቅ ሳለ ምቹ ነው፤ ሲረጥብ ግን ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ ይከብዳል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይሰርቃል። በዝናብ የበሰበሰ ጂንስ ሱሪ ለብሶ ነፋስ ላይ የሚቆም ልጅ፣ በረዶ በሌለበት በግንቦት ወር እንኳን ሰውነቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ያለማቋረጥ መንቀጥቀጥ፣ ንግግር መኮላተፍ፣ እጅ አለመታዘዝ የዚህ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ማልበስና ከነፋስ መከለል አስቸኳይ ነው።

ይህ ስለ ጋቢም እውነት ነው። ለልጅ ጋቢ መስጠት ፍቅር ነው፤ በማረፊያ ቤት ውስጥም ጋቢ ለማታ ጨዋታ ይመቻል። በጀርባ ተሸክመውት በዝናብ ለሚሄዱት ጉዞ ግን ከባድና ቶሎ የማይደርቅ ነው። በእሱ ፈንታ ቀላል ሹራብ ቢያዝ ይመረጣል።

ልብስን በቀናት ቁጥር ማባዛትም አያስፈልግም። ለሦስት ቀን ጉዞ አንድ የተለበሰና አንድ የመቀየሪያ ሱሪ፣ ሦስት ካናቴራ፣ ሦስት ወይም አራት ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ በየቀኑ አንድ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ የዝናብ ጃኬትና አንድ ኮፍያ ይበቃል። ከእነዚህ ውጪ ለሌሊት ብቻ የሚውል አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስና ካልሲ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጣል። ይህ ልብስ ቀን ላይ፣ ምንም ቢሆን፣ አይነካም። ሁሉም ነገር ቢረጥብ እንኳን ልጁ ደርቆ እንዲተኛ ዋስትናው እሱ ነው።

መኝታ በድንኳን ውስጥ

የእንቅልፍ ከረጢት ሲገዛ ወይም ሲዋሱ የሚታየው መለያው ላይ የተጻፈው የሙቀት ቁጥር ነው። በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት በመለያው ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ይሰፍራሉ። «ኮምፎርት» የሚለው ሰው ተመችቶት የሚተኛበት ነው። «ሊሚት» የሚለው ተኮራምቶ የሚያድርበት ድንበር ነው። «ኤክስትሪም» የሚለው ደግሞ በሕይወት ለመቆየት የተሰላ ስለሆነ ለምርጫ አያገለግልም። አንዳንድ ሻጮች የመጨረሻውን ቁጥር በትልቁ ስለሚጽፉ ገዢው ሊሳሳት ይችላል። በታውኑስ ወይም በኦደንቫልድ በሰኔ ሌሊት እንኳን ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ የኮምፎርት ቁጥሩ 5 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ከረጢት ከፀደይ እስከ መኸር ያገለግላል።

ከከረጢቱ እኩል የሚያስፈልገው ከሥር የሚነጠፈው ነው። የተኛ ሰው ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያጣው ወደ መሬት ነው፤ በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀው የከረጢቱ ሙሊት ከሥር አይከላከልም። ስለዚህ የስፖንጅ ምንጣፍ ቅንጦት አይደለም። ትራስ መሸከም አያሻም፤ ሹራብ በከረጢት ጨርቅ ተጠቅልሎ ትራስ ይሆናል። በግንባር የሚታሰር ባትሪ ደግሞ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ለሚሄድ ልጅ ሁለት እጁን ነፃ ያደርግለታል፤ የመለዋወጫ ድንጋይም አብሮ ይያዝ።

ስንቅና ውሃ

ስንቅ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ጉዳይ አይደለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ለረጅም መንገድ የተፈጠሩ ምግቦች ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ሳይበላሹ ይቆያሉ፣ እሳት አይሹም። ዛሬ በመደብር በውድ የሚሸጡት የመንገደኛ ብስኩቶች የሚሰጡትን ጉልበት አንድ እፍኝ ቆሎና ጥቂት የደረቀ ፍራፍሬ ይሰጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቆሎው ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ በቡድኑ ውስጥ ለእነዚህ አለርጂ ያለበት ልጅ መኖሩን መምህሩን ሳይጠይቁ ማካፈል አይገባም፤ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይያዛል፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም በላይ። የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ ጥምን አይቆርጥም፤ ንብም ይጠራል።

የጾምና የሃይማኖት ምግብ ጉዳይ ለመምህሩ ሳይነገር ጉዞ መጀመር የለበትም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጾም በጀርመን ቋንቋ ሲገለጽ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማለት ስለሆነ «ቪጋን» ብሎ መጻፍ ለማዕድ ቤቱ ይቀለዋል። በነሐሴ የሚውለው የፍልሰታ ጾም ብዙ ጊዜ ከበጋ የወጣቶች የድንኳን ቆይታ ጋር ይገጣጠማል። ሙስሊም ቤተሰቦችም የአሳማ ሥጋን ወይም ሐላል ያልሆነን ሥጋ ማንሳት ይኖርባቸዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ ከሆነ ስለ ጾሙ ወላጅ ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ ቢመካከር፣ ልጁ በመንገድ ላይ ብቻውን ከመወሰን ይድናል።

ጤና፣ መዥገርና የግል ንጽሕና

በጀርመን ደኖች ከአውሬ ይልቅ የሚያሰጋው መዥገር ነው። መዥገር ሁለት በሽታዎችን ያስተላልፋል። አንደኛው በመላው ጀርመን የሚገኘው ቦሬሊዮስስ ሲሆን በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ሁለተኛው «ኤፍኤስኤምኤ» ተብሎ የሚጠራው በቫይረስ የሚመጣ የአንጎል ብግነት ነው። ለዚህኛው መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። የሮበርት ኮኽ ተቋም የበሽታውን ሥጋት ያለባቸውን አካባቢዎች በየዓመቱ ይፋ ያደርጋል፤ ከፍራንክፈርት በስተደቡብ ያለው ኦደንቫልድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ በወራት ልዩነት የሚሰጥ ስለሆነ የሕፃናት ሐኪምን ማነጋገር የሚገባው በክረምቱ ወራት ነው።

በደን ውስጥ ረጅም ሱሪ መልበስ፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ማስገባት ይረዳል። ማታ ማታ ሰውነትን መፈተሽ ያስፈልጋል፦ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ኋላ። ሹሩባ የተሠሩ ልጆች በፀጉሩ መስመሮች መካከልና በማጅራት በኩል በጓደኛ ወይም በመስተዋት ሊታዩ ይገባል። መዥገር ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቅቤ፣ ዘይት ወይም ሙጫ መቀባት መዥገሩ በሽታውን እንዲተፋ ሊያደርገው ስለሚችል አይደረግም። የተነከሰበት ቀን ይጻፋል። በቀጣዮቹ ሳምንታት በቦታው ዙሪያ የሚሰፋ ቅላት ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ በጽሑፍ ተገልጾ ለመምህሩ ይሰጣል። የአስም መንፊያ ግን ልጁ እጅ ላይ መሆን አለበት። ሴት ልጆች የወር አበባ ባይጠብቁም የንጽሕና መጠበቂያ ይያዙ፤ የመጀመሪያው ጊዜ በጉዞ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ እናት ወይም ታላቅ እህት ቀድማ ብታስረዳት ድንጋጤው ይቀንሳል። ለፀጉር ሻሽና ትንሽ የቅባት ዕቃ ይበቃል። ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ስለሚጎዳ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይቅር።

እያንዳንዱ ወጣት የድንገተኛ አደጋ ስልክ ቁጥር 112 መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። በጀርመን ደኖች ውስጥ «ሬቱንግስፑንክት» የሚባሉ፣ ነጭ መስቀልና መለያ ቁጥር ያለባቸው አረንጓዴ ሰሌዳዎች አሉ። መንገድ የጠፋበት ወይም ጉዳት የደረሰበት ሰው ቁጥሩን በስልክ ሲናገር ረዳቶች ያለበትን ቦታ ወዲያው ያገኙታል።

ሻንጣውን መሸከፍ

ለልጆችና ለወጣቶች እንደ መነሻ የሚወሰደው ልክ፣ የተሞላው ሻንጣ ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ይህ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ባዶው ቦርሳ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ከረጢቱ አንድ ኪሎ ከ300 ግራም፣ ምንጣፉ 400 ግራም፣ ውሃው አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን፣ ለልብስ፣ ለስንቅና ለቀረው ሁሉ የሚተርፈው ሦስት ኪሎ እንኳን አይሞላም። በቤት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ልጁ ብቻውን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን አዝሎ ቢቆም ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

አቀማመጡም ሥርዓት አለው። ከታች የእንቅልፍ ከረጢቱ፣ ከባድ ዕቃዎች ከጀርባ አጠገብ በትከሻ አጥንቶች መካከል፣ ቀላል ልብሶች ወደ ውጭ፣ የዝናብ ጃኬት ከሁሉ በላይ። ከጀርባ የራቀ ክብደት ተሸካሚውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የወገብ ማሰሪያው በዳሌ አጥንት ላይ ጠብቆ ሲታሰር አብዛኛው ክብደት ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። አብዛኞቹ ቦርሳዎች ውሃ ስለሚያስገቡ በውስጣቸው አንድ ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ ዘርግቶ ዕቃውን በዚያ ውስጥ ማድረግ በርካሽ አስተማማኝ መከላከያ ነው።

ከሁሉ በላይ ሻንጣውን የሚሸክፈው ራሱ ልጁ ይሁን። እናት በሌሊት በጥንቃቄ ያዘጋጀችው ሻንጣ ሲከፈት ልጁ ባትሪው የት እንዳለ አያውቅም፤ ሲመለስም መልሶ መክተት ያቅተዋል፤ የራሱን ፎጣ ከሌላው ፎጣ አይለይም። የወላጅ ሥራ ዝርዝሩን እያነበቡ መጠየቅ፣ በዕቃዎቹ ላይ ስም መጻፍና የማያስፈልገው ሲገባ ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ውድ ጌጥ፣ ብዙ ገንዘብ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ቤት ይቀራሉ። ለትናንሽ ልጆች ግን አንዲት ትንሽ ነገር ከቤት፣ ፎቶግራፍ ወይም መሐረብ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ናፍቆት ታቀልላለች።

ወጪው

ገንዘብ ማጣት ልጅን ከጉዞ ማስቀረት የለበትም። እ.ጎ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጀርመን የሚሠራው የትምህርትና የተሳትፎ ድጋፍ፣ የመንግሥት መተዳደሪያ፣ የቤት ኪራይ ድጎማ፣ ተጨማሪ የልጅ አበል ወይም የጥገኝነት ጠያቂዎች ድጋፍ የሚያገኙ ቤተሰቦችን የክፍል ጉዞ ትክክለኛ ወጪ ይሸፍናል። በፍራንክፈርት ማመልከቻው እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ለጆብሴንተር ወይም ለከተማው የወጣቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የኪስ ገንዘብና አስቀድሞ የሚገዛ የግል ጓዝ፣ ለምሳሌ ጫማ፣ በዚህ ድጋፍ አይካተትም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች የድጋፍ ማኅበር ስለሚኖር መምህሩን በምስጢር ማነጋገር ያዋጣል፤ ይህ እንደ ነውር የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ጓዙን በተመለከተ መጀመሪያ የሚጠየቁት ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጆች ናቸው፤ ከረጢቱና ቦርሳው ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነውና። ቅዳሜ ቅዳሜ በፍራንክፈርት የሚቆመው ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያም አማራጭ ነው። የስካውት ቡድኖችና የተራራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው ዕቃ የማዋስ ልማድ አላቸው። ልጁ ጉዞውን ከወደደ በእነዚህ ማኅበራት የወጣት ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሊሳተፍ ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ ወጣቶች

በጀርመን ያደጉ ወጣቶች ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ ሲሄዱ የሰሜን ተራሮችን በእግር ማየት ይመኛሉ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ጎ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን ጉዞው በደባርቅ ከተማ ይጀምራል፤ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የታወቁ የድንኳን ማደሪያዎች ናቸው። ሁሉም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ሌሊት ሙቀቱ እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። የጀርመን ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ሐምሌና ነሐሴ በዚያ የክረምት ዝናብ የሚበረታበት ወቅት ነው። «በጋ ነው» ብሎ ከፍራንክፈርት በቁምጣ የተነሳ ወጣት በጭቃና በጉም ውስጥ ይገኛል። ከፍታውን ሰውነት እስኪለምድ በዝግታ መውጣት፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ሲበረታ መውረድ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል እ.ጎ.አ. ከ2023 ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ምክንያት፣ ማንኛውም ጉዞ ከመታሰቡ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ በቦታው ካሉ ሰዎችና ከኦፊሴላዊ መግለጫዎች ማጣራት ግድ ነው።

የሙከራ ቀን

ዝርዝሩ ተሟላ ማለት የሚቻለው ከተሞከረ በኋላ ነው። ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፊት ባለው እሑድ፣ ልጁ የተሞላውን ሻንጣ አዝሎ፣ ጫማውን ተጫምቶ ከቤተሰቡ ጋር ለሁለት ሰዓት ይራመድ። ለዚህ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የፍራንክፈርት ደን ይመቻል፤ እ.ጎ.አ. በ2017 በእሳት ወድሞ እንደገና የተሠራውን የጎተ ግንብ መድረሻ ማድረግ ይቻላል። ዝናብ ከዘነበ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ጃኬቱ ያፈስ እንደሆነ ደን ውስጥ ሳይሆን ከቤት አጠገብ ይታወቃል።

ሲመለሱ ሻንጣው ወለል ላይ ይራገፍና ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። የቱ አልተነካም? የቱ ጎደለ? የትኛውን ፍለጋ ሁሉም ዕቃ ወጣ? ያልተነካው፣ ከዝናብ ጃኬት፣ ከፕላስተርና ከሌሊቱ ደረቅ ልብስ በቀር፣ ይቀነሳል። የጎደለው ይጨመራል። ተፈልጎ የጠፋው በቀላሉ የሚገኝበት ኪስ ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ልጁ የሻንጣውን ይዘት ዓይኑን ጨፍኖ መዘርዘር ከቻለ ዝግጅቱ አልቋል፤ ወላጅም ደብዳቤው ላይ ፊርማውን ያለ ሥጋት ሊያኖር ይችላል።